ከዒድ በኋላ የሚለኮሰው ሲጋራ

ወንድሞቼ! ረመዳንን ምክንያት አድርጎ፣ ከፊጥራ በኋላም ሳይቀር ሲጋራውን ጨክኖ የተወ ሠራተኛ፣ ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያጨስ ቢታይ «ድሮም ለአላህ ብሎ አልተወውም» የሚል አይጠፋም። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም።

ኒኮቲን የለመደ ሰውነት ሲነፈገው ይበሳጫል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይብሳል፤ እስከ 4 ሳምንትም ሊዘልቅ ይችላል። አምሮቱ ግን ከወራት በኋላ እንኳ በተለመደው ሰዓትና ቦታ ይቀሰቀሳል፦ ለጋራዥ ሠራተኛው በሻይ ሰዓት፣ ለሾፌሩ ተራ ሲጠብቅ፣ ለብዙው ጫት ላይ ሲቀመጥ። (ጫቱን ይዞ ሲጋራውን ብቻ መተው ምን ያህል እንደሚከብድ ቃሚዎች ያውቁታል።) ረመዳን እነዚህን ሰዓቶች ያነሳቸዋል፤ ሸዋል መልሶ ያመጣቸዋል።

ታዲያ አንድ ያጨሰ ወንድማችን «ተውበቴ ፈረሰ» ብሎ ፓኬቱን ይጨርስ? በፍጹም! ሱረቱ አዝ-ዙመር አያ 53 ነፍሳቸውን የበደሉ ሰዎች ከአላህ ራህመት ተስፋ እንዳይቆርጡ ይጠራል። ዛሬውኑ ተጸጽቶ ይተው፤ ነገ ቢሸነፍም እንደገና ይነሳ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «አንድ ብታጨስ ምን ትሆናለህ? እንካ!» ባዩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የባልደረባን ግብዣ የሚከለክል ፖሊስ ግን የለም። አንተ አጫሹ ወንድሜ፣ ለራስህ ገና ባትቆርጥ እንኳ፣ መተዉን እያወቅህ ፓኬትህን አትዘርጋለት፤ በሻይ ሰዓትም ራቅ በልለት።