መቼ ዳንኩ ይባላል?

እናቴ «ልጄን ካዳንክልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» ብላ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። ጥላው ከተገዛ ቆይቷል። በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ ዐይኔን ዐይኔን ታየኛለች። «እህ ልጄ፣ ዳንክ ልበል?» እኔም በየዓመቱ መልስ አጣለሁ።

ሕመሜ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነው፤ ሐኪሞቹ ሲኤምኤል ይሉታል። ሲጀምረኝ ከግራ ጎድኔ በታች ጠጠረብኝ፤ ሁለት ጉርሻ ያጠግበኝ ነበር፤ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርስ ነበር። ያበጠው ጣፊያዬ ኖሯል። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ11 ሺህ ብዙም አያልፍም፤ የእኔ ከ200 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ጣፊያዬ በእጅ አይዳሰስም፣ ቁጥሩም ልክ ገብቷል። የበሽታውን ርዝራዥ ከደም ውስጥ የሚያስሰው የፒሲአር ምርመራ እንኳ «አልተገኘም» ብሎ መጥቷል። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ደስ አላትና መድኃኒቱን ቀጥል አለችኝ። እስከ መቼ ብላት፣ ቀጥል።

ሥራዬ የሕንፃ ግንባታ ክትትል ነው። በእኛ ሙያ ሕንፃው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ባለቤቱ ይገባበታል፣ ተቋራጩ ግን ጉድለት ከታየ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ጊዜው ሲሞላ የመጨረሻው ርክክብ ይፈረምና በመያዣነት የቆየው ገንዘብ ይለቀቃል። እናቴ ጥላውን የያዘችው እንደዚያ መያዣ ነው። ችግሩ የእኔ ሕመም የመጨረሻ ርክክብ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች ሴል ውስጥ ያጠረ ክሮሞሶም አዩ፤ ከተማቸው ፊላደልፊያ ስለነበረች ስሟ ወጣለት። በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶሞች ቁራጭ እንደተለዋወጡ አሳዩ። ከልውውጡ የሚወጣው ፕሮቲን ሴሉን ያለ ዕረፍት ተባዛ እያለ ያዘዋል። እኔ የምውጠው ኢማቲኒብ ይህን ትእዛዝ ያግዳል እንጂ የታመመውን ሴል ከነዘሩ ለመንቀሉ ዋስትና የለም። ስለዚህ በየቀኑ 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። ጠዋት የዐይኔ ሥር አብጦ እነሣለሁ፤ ሌሊት ባቴን ቁርጥማት ይጨብጠኛል። በጾም የንስሐ አባቴ እንደ ሕመምተኛ ቢፈቅዱልኝም፣ የክኒኑን ሰዓት ከቅዳሴ መውጫ ጋር አስማምቼዋለሁ። መድኃኒቱን አቁሞ መሞከርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት፣ እንደ እኔ ምልክቱ ጠፍቶላቸው ካቆሙት ከአሥሩ አራት ያህሉ ሳይመለስባቸው ቆዩ። ግን እነሱም በየጊዜው ደማቸው እየታየ ነው። ሂድ፣ ጨርሰሃል ያላቸው የለም።

አንዳንድ ዘመድ ክኒኑን ትቼ ጸበል ብቻ እንድይዝ መክሮኛል። በዚህ ብዙ አልከራከርም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤችአይቪ መድኃኒት ከእንጦጦ ጸበል ጋር ተፎካካሪ ተደርጎ ሲታይ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረዋል። እኔም ክኒኑን አንዳንድ ቀን እናቴ በምታመጣው ጸበል እውጠዋለሁ። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ቃል ይዞለት መጥቶ ሲያበቃ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። እኔን የሚገርመኝ ግን በለሱ አይደለም። ለሕዝቅያስ የተጨመረለት 15 ዓመት ነው፤ ማብቂያው የታወቀ ዕድሜ። እሱ ግን የጠየቀው ይህ መዳን ነው ወይስ ቀጠሮ ብሎ ሳይሆን፣ ለመዳኑና በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ለመውጣቱ ምልክት ነው።

ቁልቢን ያስተከሉት ራስ መኰንን ናቸው፤ ከዐድዋ ድል በኋላ። ድል ቀን አለው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ጦርነቱ አለቀ፣ ምስጋናው ቀረበ። የእኔው ጦርነት ግን ነገ ጠዋትም አለ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። አብራኝ ወረፋ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች። የእሷ አጣዳፊው የደም ካንሰር ነው፤ እሷን ለያዛት ዓይነት የእኔው ክኒን አይሆንም። እናቷም ተስላ ነበር፣ ለዚያው ለገብርኤል። ልጅቷ አረፈች። እኔ በእልልታ ጥላ ሳስገባ ምን እያልኩ ነው? መልአኩ መርጦኛል? መድኃኒቱን በነፃ የማገኝበት ማክስ ፋውንዴሽንም በእኔው በሽታ በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በሞተ ልጅ ስም ቤተሰቡ ያቋቋመው ነው። ኢማቲኒብ በአሜሪካ የተፈቀደው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። እሱ የሞተው ስለት የሚሳልለት አጥቶ ነው ማለት አልችልም፤ ብል ነውር ነው።

የገብርኤል በዓል የሚውልበት ታኅሣሥ 19 ራሱ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። በዓሉ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣበት ነው። ሦስቱ ወጣቶች ለናቡከደነፆር የሰጡት መልስ ቅድመ ሁኔታ የለውም፦ አምላካቸው ሊያድናቸው ይችላል፣ ባያድናቸውም ለጣዖቱ አይሰግዱም። «ካዳንከን» አላሉም። ደግሞም እሳቱ አልጠፋም፤ ሲመላለሱ የታዩት እዚያው እየነደደ ባለው እሳት ውስጥ ነው። እኔ ካለሁበት ጋር የሚገጥም ጤና በመጽሐፍ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። ደግሞ እንደዚያ ያለ ምስጋና በሟቿ ልጅ እናት ፊት አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። ቡና እየቆላች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እነሱ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ነው» አለች፤ «እናታቸው እዚያ አልቆመችም።»

እውነቷን ነው። ባያድነኝም ማለት ይቻል ይሆናል፤ ባያድነውም ማለት ግን ሌላ ነው፣ ከእናት አፍም አልጠብቀውም። የእሷን ስለት ከመልአኩ ጋር ትጨርሰው ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ለቁልቢ የቆረጥኩት ትኬት የአንድ ሰው ነው፣ የምሄደውም ባዶ እጄን ነው። እሷም ይህንን አውቃ ለመንገዴ ድፎ ልትደፋልኝ ነው፤ ክኒኑ በባዶ ሆድ አይዋጥማ።