ይዞ መቆም ሥራ አይደለምን?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ፊዚክስ ሲጀምሩ ከሚያገኟቸው ትምህርቶች አንዱ የ«ሥራ» ትርጉም ነው። በመጽሐፉ መሠረት ሥራ ማለት አንድን ነገር የገፋው ወይም የሳበው ጉልበት፣ ነገሩ በጉልበቱ አቅጣጫ በተጓዘው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ርቀት ከሌለ ሥራ የለም። ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው፣ ግድግዳው ካልተነቃነቀ፣ በግድግዳው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው።

ይህን ትርጉም ይዘን ወደ ቦኖው እንሂድ። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ክብደቱ በግምት 200 ኒውተን ነው። ከመሬት አንስቶ አንድ ሜትር ከፍ ያደረገው ሰው 200 ጁል ያህል ሥራ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ግን ቀመሩ ምንም አይቆጥርለትም። ክንዱ ይዝላል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ሒሳቡ ዜሮ ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ። እኛ ግን ነገሩን ከሳቅ አልፈን ልናየው ይገባናል፤ ምክንያቱም ይኸው ፍርድ ከክፍል ውጭም ይሰጣል። «ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጣችሁ ምን ሠራችሁ?» ይሉናል ዘመዶቻችን በስልክ። እርስ በርሳችንም እንባባለዋለን። ወደ ሦስተኛ አገር የሄደው «ሰው ሆነ» ይባላል፤ የቀረው «ተጎልቶ ቀረ»። የሰውን ዕድሜ በተጓዘው ርቀት ማባዛት ይሏል ይህ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን፣ ከቦታው ያልተነቃነቀ ሰው ምንም አልሠራም ማለት ይቻላልን? የሚል ነው።

በመጀመሪያ መለኪያው ከየት እንደመጣ እንወቅ። «ሥራ» የሚለውን ቃል በዚህ ትርጉም ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1829 ስለ ማሽኖች ውጤት ስሌት ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ዘመኑ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ በእንፋሎት ሞተር የሚወጣበት ዘመን ነበር። ባለ ገንዘቡ ማወቅ የሚሻው ሞተሩ ስንት ውሃ ከምን ያህል ጥልቀት እንዳወጣ ነበር። ለዚህ ዓላማ መለኪያው ትክክል ነው፤ ዛሬም ያገለግላል። የሰውን ዋጋ ይለካል ያለ ግን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ፊዚክስ ራሱ በዜሮው ላይ አያቆምም። ምሰሶ ጣራ ተሸክሞ 30 ዓመት ቢቆም እህል አይጠይቅም። የሰው ጡንቻ ግን ሸክምን በአንድ ቦታ ለመያዝ እንኳ ጥቃቅን ክሮቹ ያለማቋረጥ መኮማተርና መላላት አለባቸው። ለዚህም ከምግብ ያገኘነው አቅም ይወጣል፤ ወደ ሙቀትም ይለወጣል። ጀሪካኑ ባይነቃነቅም በክንዱ ውስጥ እንቅስቃሴ ነበር።

አበው «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይላሉ። እንግሊዛዊው ጁል ግን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር አደረገ። ወደ ታች በሚወርድ ክብደት የሚሽከረከር መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ ከትቶ አማሰለና የውሃውን ሙቀት ለካ። ውሃው ሞቆ ተገኘ። ጭማሪው እጅግ ትንሽ ነበር። የጀሪካናችንን ውሃ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ለማሞቅ፣ ያንኑ ጀሪካን ከ400 ጊዜ በላይ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሥራ ይጠይቃል። ዓይን አያየውም፤ ነገር ግን አልጠፋም።

ይህ ሲባል ድካም ሁሉ ሥራ ነው ማለታችን አይደለም። ላብ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ ፀሐይ ላይ የቆመም ይደክመዋል። ታዲያ መለያው ምንድን ነው? እንደ እኛ አስተያየት፣ ስለ ሰው ስንፈርድ መጠየቅ ያለብን «የያዘውን ቢለቅ ምን ይወድቃል?» ብለን ነው። ራሽኑን ከወር ወር የምታብቃቃ እናት ቤቷን ከቦታው አላነቃነቀችም፤ እስቲ እጇን ታንሳና እንየው። የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ ፊደል የሚያስቆጥረው ወጣት፣ ዘመድ የሌለውን በሽተኛ የሚያስታምመው ሽማግሌ፣ ሁሉም በቀመሩ ዜሮ ናቸው። ቢተዉት የሚወድቅ ነገር ካለ ግን ሲሠሩ ኖረዋል። የሚወድቅ ነገር ከሌለም፣ ይህንኑ ለራሳችን ሳንደብቅ ነግረን የምንይዘው ሌላ ነገር እንፈልግ።

ከዚህም አንድ ግዴታ ይወለዳል። ምሰሶ አይደክመውም፤ ሰው ይደክመዋል። ስለዚህ ይዞ ለቆመ ሰው ምስጋና ብቻውን አይበቃውም፤ ሸክሙን የሚቀበለው እጅ ያሻዋል። ወገኖቻችን ሆይ፣ ጎረቤታችንን «ምን ሠራህ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ የያዘውን ለአንድ ሰዓት እንያዝለት።