ሰዋስው እና እውነት

እንግሊዝኛ ስንማር የተማርነው በአብዛኛው የጽሑፉን ሰዋስው ነው። “ዜር አር ቱ ሪዝንስ” በሉ ተባልን። አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው ግን፣ የተማረውም ጭምር፣ ሲያወራ “ዜርስ ቱ ሪዝንስ” ይላል። ዓረፍተ ነገር ይጀምርና መሀል ላይ ይተወዋል። ይሄ ስንፍና አይደለም። የሚጽፍ ሰው ሰርዞ ያስተካክላል፤ የሚያወራ ሰው እያሰበ ነው የሚናገረው።

ነገሩ የሞራል ጥያቄ የሚሆነው በወረቀቱ ሚዛን ሰውን መመዘን ስንጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሎሪዳ ውስጥ በትሬቨን ማርቲን ግድያ ችሎት ሬቸል ጃንቴል ለሰዓታት መሰከረች። ልጁ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በስልክ ያወራት የነበረችው እሷ ናት። የተናገረችው በጥቁር አሜሪካውያን የአነጋገር እንግሊዝኛ ነው። ከፍርዱ በኋላ አንዲት የጁሪ አባል፣ ንግግሯ ለመረዳት ይከብድ እንደነበርና ብዙም እንዳላመነቻት ተናገረች። በ2016 ጆን ሪክፎርድና ሻሪስ ኪንግ የተባሉ የቋንቋ ምሁራን ንግግሯን መርምረው የራሱን ሕግ የጠበቀ ሰዋስው መሆኑን አሳዩ።

ጽሑፍ ሕግ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። ውል የሚጽፍ ሰው በጥንቃቄ ይጻፍ። ግን ሰዋስው ሰውዬው የት እንዳደገና ምን እንደተማረ ቢነግረን እንጂ መዋሸቱን አይነግረንም። እኛም እንግሊዝኛው የተሰባበረበትን ሰው ቪዲዮ ሼር አድርገን ስንስቅ፣ ያለውን ነገር ሰምተነዋል ወይ? አንድን ሰው ሳይሰሙ መፍረድ በየትኛውም ቋንቋ በደል ነው።