መቃብር «ግኝት» የሚሆነው መቼ ነው?

ሰው ሲሞትብን «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን። በምርቃቱ ውስጥ ያልተነገረ እምነት አለ፤ ሙትና አፈሩ አይለያዩም የሚል። ታዲያ ዶዘር መጥቶ አፈሩን ጨርሶ ገፍፎ ሲወስደው ምን እንላለን? የቆፋሪው ዓላማ ዕውቀት ቢሆንስ? ጥያቄው የዓለም ሁሉ ነው። በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ ግን አፍጥጦ ይታያል።

ፊኒክስ በአሪዞና በረሃ መካከል የተንጣለለች ታላቅ ከተማ ናት። ከአስፋልቷ ሥር የአርኪዎሎጂ ሊቃውንት «ሆሆካም» የሚሏቸው ሰዎች መንደሮች ተኝተዋል። እነዚህ ሰዎች እስከ 1450 እ.ኤ.አ. አካባቢ ድረስ፣ ከሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ፣ ከሶልትና ከጊላ ወንዞች ውሃ እየጠለፉ ኖረዋል። የብረት መሣሪያ ሳይኖራቸው ርዝመቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ቦይ ቆፍረው በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ዱባና ጥጥ አመረቱ። የኳስ መጫወቻ ሜዳ ሠሩ፤ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ በመጣ ዛጎል አጌጡ። በመጨረሻም ታላላቆቹ መንደሮች ተለቀቁ፤ ቦዮቹም ደረቁ።

በ1867 ጃክ ስዊሊንግ የተባለ ሰው ማኅበር አቋቁሞ በእነዚህ አሮጌ ቦዮች ፈለግ ውሃ መልቀቅ ጀመረ። ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ውሃ ነው። ስሟን ያወጣላት ዳረል ዱፓ የተባለ እንግሊዛዊ ነው ይባላል፤ ከአመዷ በምትነሣው የተረት ወፍ ስም ጠራት። ስሙ ያምራል። ይሁን እንጂ ሳይታወቅ የሚናገረው ነገር አለ፤ የቀድሞው ነድዶ አልቋል፣ የቀረው አመድ ነው፣ አመድ ደግሞ ባለቤት የለውም።

በእርግጥ ባለቤት አልነበረውምን? ስዊሊንግ ሲመጣ አኪሜል ኦኦድሃም፣ ማለትም «የወንዙ ሕዝብ»፣ በጊላ ዳር በመስኖ ያርሱ ነበር። ዛሬም እዚያው አሉ። «ሆሆካም» የሚለው ቃል ራሱ «ሁሁጋም» ከሚለው ከእነርሱ ቃል የተወሰደ ነው። ለሊቃውንቱ የጠፋ ባህል መጠሪያ ሆነ፤ ለእነርሱ ግን ቀድመዋቸው ያለፉ አያቶቻቸው ናቸው። ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳይመስለን። «ጠፋ» የተባለ ሰው ወራሽ የለውም፤ «ቀደመን» የተባለ ግን አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሰፋሪዎች የጊላን ውሃ ከላይ ጠልፈው ሲያስቀሩት፣ የአያቶቻቸውን ቦይ ጥበብ የያዘው ሕዝብ ማሳው ደርቆ ተራበ። በውሃው ላይ ያለው መብት በአገሪቱ ምክር ቤት ሕግ እልባት ያገኘው በ2004 ነው።

ለቁፋሮው የሚሟገቱት ወገኖች መልስ ቀላል አይደለም። «እኛ ባንቆፍር ዶዘሩ ይቆፍራል፤ መንገዱ መሠራቱ አይቀርም» ይላሉ። እውነት አላቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፑዌብሎ ግራንዴ፣ ከከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ አውራ ጎዳና ሊያልፍ ሲል አርኪዎሎጂስቶች ቀድመው ባይደርሱ ኖሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መቃብሮች ማንም ሳያውቃቸው በተደመሰሱ ነበር። ከተማይቱ የማን ባለዕዳ እንደሆነች ያወቀችውም በአመዛኙ በእነዚሁ ሰዎች አካፋና ብሩሽ ነው።

ነገር ግን ከጥፋት ማዳን ባለቤት አያደርግም። ከሚቃጠል ቤት ሣጥን ያወጣ ሰው ይመሰገናል፤ ሣጥኑን ግን ለባለቤቱ ይመልሳል። ሕጉም ዘግይቶ ወደዚሁ መጣ። በ1990 የአሜሪካ መንግሥት የቀደምት ሕዝቦችን አጽምና የመቃብር ዕቃ የያዙ ሙዚየሞች ለወገኖቻቸው እንዲመልሱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

ከፊኒክስ በስተደቡብ፣ በራሱ በጊላ ሕዝብ መሬት ላይ፣ ስኔክታውን የሚባል ሌላ የሆሆካም መንደር አለ። ኤሚል ሃውሪ የተባሉ ሊቅ በ1930ዎቹና በ1960ዎቹ ቆፍረው ብዙ ዕውቀት አገኙበት፤ ከዚያም መልሶ በአፈር ተሸፈነ። በ1972 የብሔራዊ ቅርስነት ማዕረግ ተሰጠው። ሆኖም የመሬቱ ባለቤቶች ለጎብኚ እንዳይከፈት ወሰኑ። ማዕረግ አለው፤ የሚታይ ነገር የለውም። ይህ ድንቁርና ነውን? አይደለም። ተጠይቆ «እምቢ» የማለት መብት ነው።

ለመሆኑ አንድ መቃብር «ግኝት» ለመባል ስንት ዓመት ያስፈልገዋል? የትናንቱን መቃብር የሚቆፍር ሌባ ይባላል፤ የሺህ ዓመቱን የሚቆፍር ሊቅ። በመካከላቸው ያለው ዓመት ብቻ ከሆነ ለኅሊና የሚበቃ ልዩነት አይደለም። እውነተኛው ልዩነት ፈቃድ ነው። ቆፋሪው አካፋውን ከማንሣቱ በፊት አካባቢውን ቀና ብሎ ይመልከት፤ የሟቹ ዘመድ አጠገቡ ቆሞ ይሆናል።