የኋለኛው ሕግ ለማን ነው?

የምኖረው ሰበታ ነው፤ እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሠራ አብዛኛውን በዚያ እጽፋለሁ፤ ወደ ፌዴራል የሚሄደውን ብቻ በአማርኛ። ሕግ በማታ ተምሬያለሁና የሕግ መምህራን የሚያሳትሙትን ሳገኝ አነባለሁ። ከደንበኞቼ አንዱም አንብቦት አያውቅም፤ የተጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ እነሱ ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ የሱሉልታ ገበሬ ነው። ድርቆሽ አጭዶ፣ ወተት ሸጦ ልጆች ያሳደገ ሰው። መሬቱ ለልማት የተወሰደው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በሚሠራበት ጊዜ ነው። በዚያ አዋጅ በቋሚነት ለሚነሳ ባለይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። ከተነሳ በኋላ አንድ ተመራማሪ መጠይቅ ይዞ መጣ፤ ስንት ላም እንደነበረው፣ ገንዘቡን ምን እንዳደረገበት፣ አሁን በምን እንደሚተዳደር ጠይቆ ሄደ።

በእነዚያ ዓመታት የሕግ ምሁራኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሙራዱ አብዶ ያዘጋጀው፣ ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሕግና ፖሊሲ የሚያትተው ጥራዝ በ2009 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። የባሕር ዳሩ ዳንኤል ወልደገብርኤል ስለ መሬት መብትና ስለ ማስለቀቅ የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. በስፕሪንገር ወጣ። የጻፉት ነገር ውስብስብ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳው የመሬቱን ዋጋ አይጨምርም፤ የሚታሰበው በላዩ ያለው ንብረትና የቀረው ገቢ ነው። ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ያለ ማሳ እንደ ሩቅ ገጠር ማሳ በምርቱ ይተመናል፣ ከዚያ በከተማ ዋጋ በሊዝ ይሰጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2006 እና በ2008 በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተቆጡት ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አስፈልጓቸው አልነበረም።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጣ። በእሱ የሚያዘው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ነው፣ የሚባዛውም በ15። ገበሬው «ለዚያ ልጅ የነገርኩት የት ደረሰ?» ሲለኝ ይህንኑ እንደ ምሥራች ነገርኩት። ዝም ብሎ አስቦ፣ «ለእኔም ይጨምሩልኛል ማለት ነው?» አለ። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም አልኩት። «እኔ ተናግሬ ለሌላ ሰው ተከፈለ በለኛ!»

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው። ግፉ የታወቀው ከግፉ ተሸካሚ አፍ ነው፤ በእውቀቱ ምክንያት ነገሩ ሲስተካከል ግን የሚጠቀመው ገና ያልተነካው ነው። ያስተማረን ሰው ምንም የለውም። ይህ ፍትሕ ነው?

ሕጋችን ከሕጉ ቀድሞ ለተነካ ሰው መልስ የለውም እንዳይባል፣ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ እንዳይሠራ ከከለከለ በኋላ፣ ከድርጊቱ በኋላ የወጣው ሕግ ለተከሳሹ ወይም ለተቀጣው የሚጠቅም ሲሆን ይጠቀምበት ይላል። ሰው የገደለ ሰው የኋለኛው ሕግ ምሕረት ይደርሰዋል፤ ምንም ያላጠፋ ገበሬ አይደርሰውም።

ይህን ቡራዩ ለሚኖር አንድ የሕግ መምህር አነሳሁለት። ልዩነቱ ግልጽ ነው አለኝ፦ እስር በመንግሥት ፈቃድ ዛሬም የሚቀጥል ነገር ነው፣ ካሳ ግን ተከፍሎ የተዘጋ ሒሳብ ነው፤ ሕግ በተሻሻለ ቁጥር የተዘጋው ሁሉ ከተከፈተ የሚጸና ነገር አይኖርም። አባባሉ ከባድ ነው፣ አልንቀውም። ግን መፈናቀሉስ ተዘግቷል? በዚያ ሜዳ በየክረምቱ ሣር ይበቅላል፣ ለገበሬው ግን አይደለም።

ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን የወይን እርሻ ባለቤት አስቡት። በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡትን ከማለዳዎቹ እኩል ከፈላቸው፣ ማለዳዎቹ አጉረመረሙ፤ እሱም በአንድ ዲናር አልተስማማችሁምን ብሎ ዝም አሰኛቸው። የሰበካ መምህሮቻችን ይህን ስለ ቸርነት ያስተምሩበታል፣ ደግ ነው። የሱሉልታው ሰው ግን በመጀመሪያ ደረጃ አልተስማማም፣ ተነስ ተብሎ ነው የተነሳው። ሲቀጥል የኋለኞቹ ከእሱ እኩል ሳይሆን ከእሱ በላይ ተከፈላቸው። ባለቤቱ የሚመልስበት ቃል እዚህ የለም።

መምህራኑ ጽሑፍ ሲጨርሱ ዕዳቸው ያበቃል? የመተርጎም ችሎታ እንደማያንሳቸው አይተናል፦ ምርጫው በኮሮና ምክንያት ከተራዘመ በኋላ፣ በግንቦት 2012 የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በቀጥታ ሥርጭት አከራከረ፤ ሰብሳቢዋ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 እያንዳንዳቸው ተመነዘሩ። እኔም ጭንብል አድርጌ ቡና ቤት ውስጥ ተመለከትኩ፣ ኳስ እንኳ እንዲያ ጸጥ ተብሎ አይታይም! ጽሑፉ ዝም ሲል ዓላማውን ጠይቀን እንተርጉመው ያሉ ነበሩ፣ ይህ ትርጉም የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም ያሉም ነበሩ። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነባሮቹ ምክር ቤቶች እንዲቀጥሉ ወሰነ። ስለ ውሳኔው አሁን አልከራከርም፤ ያስቀናኝ ያ ሁሉ የመተርጎም ብልሃት ነው። ለመንግሥት ዘመን ሲሆን የሕግ ዝምታ ይተረጎማል፣ ለድርቆሽ ሜዳ ሲሆን ዝምታው ዝምታ ሆኖ ይቀራል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ራሱ ትርጉም የማያውቅ ቤት አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. አባ ጳውሎስ ጻድዋ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥት ያሳተመው የያኔው የሕግ ፋኩልቲ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ሕግ ለውጭ አንባቢ ያደረሰ ቤት፣ ስለ ሱሉልታ የጻፈውን ለሱሉልታ በአፋን ኦሮሞ ቢመልስ አያቅተውም። ገንዘብ ባይመልስ ቃሉን ይመልሳል፤ እኔ ቢያንስ ይህ ዕዳ አለባቸው ባይ ነኝ።

ገበሬው ግን ቃል አልበቃውም፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ አለ። ጻፍኩ፤ በአሥርና በአሥራ አምስት መካከል ያለው ልዩነት እንዲከፈለው፣ ከአንቀጽ 22 በማመሳሰል። እንደማይሳካ ነግሬዋለሁ። ረቂቁን ለቡራዩው መምህር አሳየሁት። ሳቀ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ ሁለተኛውን አንቀጽ ከእኔ በተሻለ አድርጎ ጻፈው። በባለሙያ አስተያየትነት አያይዤ ስምህን ላስገባ ስለው ግን እሺ አላለኝም።