ሞቶ የማይሞት ጦረኛ

ተውኔትም ሆነ ተረት ያለ ባላጋራ አይቆምም። ባላጋራው ደካማ ሲሆን ጀግናው ይቀልላል፤ ባላጋራው ሲበረታ ግን ጀግናው ራሱን ለመፈተሽ ይገደዳል። ከባላጋራዎች ሁሉ የበረታው ማነው ቢባል፣ አንድ ጊዜ ሞቶ ዳግመኛ የማይሞተው፣ መቃብር አልይዘው ያለ ጦረኛ ነው። ሕዝባችን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይል የሞተን ሰው በክፉ አያነሣም። እንግዲህ ሙትን ከመቃብር አውጥቶ ባላጋራ የሚያደርግ የኪነ ጥበብ ሰው፣ ለሙቱና ለተመልካቹ ምን ዕዳ አለበት?

ይህን ጦረኛ የሚቀርጹት ደራስያን ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ ሰዎችን በጠረጴዛ ዙሪያ ያሰባስባል፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የየገጸ ባሕርያቸውን አንደበት ይይዛሉ፤ የግጥሚያውን ዕጣ ባለ ቁጥር ጠጠር ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ለጨዋታው በታተመ መጽሐፍ ውስጥ «የሞት ፈረሰኛ» የተባለ ባላጋራ ብቅ አለ። ይኸውም በሕይወቱ ሳለ ለጽድቅ የታጠቀ፣ ኋላ ግን የወደቀ፣ ሞትም ዕረፍት የነሣው ተዋጊ ነው። የሚያስፈራው ሰይፉ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የነበረው ክብር ነው። ከመጀመሪያውም ክፉ ሆኖ የተፈጠረ አውሬ ቢሆን ኖሮ ተገድሎ በተረሳ ነበር።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሳቸው የሼክስፒር ተውኔቶችም ይኸው ሕግ ይታያል። በ«ሐምሌት» የሞተው ንጉሥ ጥሩር ለብሶ ይመጣል፤ ነገር ግን ማንንም አይወጋም፤ ያልተከፈለ ደም አለና ይጠይቃል። በ«ማክቤዝ» ባንኮ በግብሩ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚያየውም ያስገደለው ብቻ ነው። እንግዲያውስ ሞቶ የማይሞት ጦረኛ ኃይሉን የሚያገኘው በሕያዋን ላይ ከቀረ ዕዳ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ግራኝ የሚባለው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል ነሣ፤ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ሚስቱ ድል ወንበራ ደሙን የሚመልስላትን እንደምታገባ ቃል ገባች ይባላል፤ በ1551 ዓ.ም. የኢማም ኑር ጦር ዐፄ ገላውዴዎስን ገደለ። ከዚያም ወዲህ አፈ ታሪክ ሰውየውን ከሰው በላይ አደረገው። በጢያ የቆሙት፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ተባሉ፤ ድንጋዮቹ ግን እርሱ ከመወለዱ አስቀድሞ የተተከሉ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። በአንጻሩ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ያንኑ ሰው የእምነት ጀግና አድርጎ ያቀርበዋል። አንድ ሬሳ፣ ሁለት ትንሣኤ!

አሁን አንድ ደራሲ ይህን ጦረኛ በሸዋ ሮቢት መድረክ ላይ ሊያስነሣው ተነሣ እንበል። ተመልካቹ ማነው? አማራ አለ፤ አርጎባ አለ፤ ኦሮሞና አፋር አለ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይውላሉ። የይፋት ቆላ ራሱ የሱልጣኔት መናገሻ ነበር፤ የኖራ መስጊድ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የአንዱ ባላጋራ የሌላው አያት ነው። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሷል። ያልደረቀ መቃብር ባለበት አገር «የጥንቱ ጠላት ተነሣ» ብሎ መጮኽ ቀላል ነው፤ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ጎረቤቱን በሙቱ ፊት መስሎ ሲያየው ግን የሚደርሰውን ጥፋት ማን ይመልሰዋል?

ታዲያ ባላጋራውን እንተወው? አይደለም። ባላጋራ የሌለው ጥበብ ስብከት ይሆናል። የሚሻለው ባላጋራውን በሙሉ ኃይሉ መቅረጽ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ግዴታ። አንደኛ፣ ከመውደቁ በፊት የነበረው ደግነት ይታይ፤ ይህ ካልታየ ተመልካቹ ክፋትን የሌላ ዘር ባሕርይ አድርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ ዕረፍት የነሣው ዕዳ በስሙ ይጠራ፤ የተቀማ መሬት፣ የፈረሰ ቃል ኪዳን፣ ያልተለቀሰለት ልጅ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሚያሳርፈው ያ ዕዳ መከፈሉ ይሁን። ሬሳን በሰይፍ ደግሞ መግደል አይቻልምና፤ ሰይፍ የያዘው ጀግና እዚያ ላይ ክንዱ ይዝላል፤ የማሰብ ተራ ይደርሰዋል።

የይፋት ሽማግሌዎች በደም የተፈላለጉ ወገኖችን ሲያስታርቁ ጉማ እያስከፈሉ እንጂ የሞተውን እየሰደቡ አይደለም። የተውኔት ጸሐፊም ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም። ጦረኛውን ያስነሣው፤ ያስፈራራበት፤ ግን ዕዳው ሳይነገር መጋረጃውን አይዝጋ። ዕዳው ያልተነገረለት ሙት ከተመልካቹ ጋር አብሮ ወደ ቤት ይገባልና።