የተስማሙበት ደመወዝ ሁሉ ፍትሐዊ ነውን?

«አሠሪና ሠራተኛ በደመወዝ ከተስማሙ ሌላው ምን አግብቶት ይናገራል?» ተብለን ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው ለዚህ መልስ ሰጥተዋል። ስምምነት ብቻውን ፍትሕን አያስገኝም፤ የተቸገረ ሰው «እሺ» የሚለው ወድዶ ሳይሆን ሌላ ምርጫ አጥቶ ነውና። ስለዚህም ደካማውን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል፤ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድም እንዲቋቋም ይደነግጋል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በየቤታችን እንጀራ የምትጋግረው፣ ልጆቻችንን የምታሳድገው የቤት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ጥላ ውጭ ናት፤ የሥራዋ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተትቷል።

እንግዲህ ሕግ ባልደረሰበት ስፍራ ሕሊና ሊደርስ ይገባል። መንግሥት የጎደለውን እንዲያሟላ ስንጠይቅ፣ እኛም ደመወዟን በቀኑ እንክፈል፤ የዕረፍት ቀኗን እናክብር፤ ስትታመም አናሰናብታት። በጓዳችን የነፈግነውን ፍትሕ በአደባባይ ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?